ገበያ የተባለው አምላክ የተከሰሰበት ዓመት

ሶናዳርን ውሸታም የሚሉት ሰዎች ስሙን ያጠፋሉ። ሶናዳር አይዋሽም፤ እውነቱን አጥሮ ሲያገኘው ትንሽ ይስበዋል እንጂ። ከጃግዳልፑር ከተማ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነብር አጠገቡ ተቀምጦ እንደመጣ፣ ቲኬት ቆራጩም ነብሩን «ተማሪ ነው» ብሎ በግማሽ ዋጋ እንዳሳለፈው ያወራው እሱ ነው። የጊርሳናር ሰው ይህን ሲሰማ «ነብሩ የት ወረደ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «አይሆንም» አይልም። መንደሩ እንዲህ ነው፤ የሩዝ አጥሚቱ ያለ ወሬ አይወርድለትም።

በዚያ ዓመት ግን ሶናዳር የሚስበው አጣ። እውነቱ ራሱ ከሱ ወሬ ረዝሞ ቁጭ አለ።

ነገሩ የጀመረው የመንግሥት የሁመር መግዣ ቤት የተዘጋ ዕለት ነው። በባስታር ጫካ ሁመር የማይለቅም ሰው የለም። ቡናማውን ጎምዛዛ ፍሬ ከዛፉ አራግፎ፣ ፈልፍሎ፣ በቅርጫት ተሸክሞ መግዣ ቤት ያደርሳል። ዋጋው ዛፉ ሳያፈራ በፊት ይነገር ነበር። ትንሽ ነው፣ ግን ይታወቅ ነበር፤ ሰው ሲተኛ የሚያስበው ቁጥር ነበረው። ታዲያ አንድ ቀን ሚስራ የሚባል ሹም ከዋና ከተማው ከራይፑር መጣ። ነጭ ጫማውን እንዳያቆሽሽ ጭቃው ላይ እንደ ውሃ ዳር ወፍ እግሩን እያነሣ እየጣለ፣ ሰዉን ሰበሰበና ተናገረ።

«ከእንግዲህ ዋጋ የሚወስነው መንግሥት አይደለም። ገበያው ነው።»

«የረቡዑ ገበያ?» አለች አንዲት አሮጊት ከኋላ። ሱክዳይ ትባላለች፤ ሰው ሲናገር ጣልቃ ሳትገባ ውላ አታውቅም።

«አይደለም እማማ፤ ትልቁ ገበያ።»

«እሱ ደግሞ የት ነው የሚውለው?»

ሚስራ ፈገግ አለ። «አይታይም። ግን የትም ቦታ አለ። ነፃ ከተውነው ለሁሉም እንደየሥራው ይሰጣል። እጃችንን ካስገባንበት ይቆጣል። ሲፈራ ይሸሻል፣ ሲያምነን ይመጣል። ስለዚህ እምነት ያስፈልጋል።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አይታይም፣ የትም አለ፣ ይሰጣል፣ ይቆጣል፣ እምነት ይፈልጋል። የመቅደሱ ጠባቂ ሽማግሌው ጉድሩ ጥያቄውን ጥርስ በሌለው አፉ ሲያመነዥክ ቆየና አወጣው።

«ምን ይበላል?»

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ዶሮ ነው ፍየል? ጥቁር ነው ነጭ የሚወደው? ሲቆጣ ምን ይዘን እንደምንቀርብ እንድናውቅ ነው።»

ሚስራ ሳቀ፤ ሹፌሩም ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነጋዴዎች በሞተር ብስክሌት ይመጡ ጀመር። ዋጋውን ከስልካቸው ላይ እያነበቡ ነው የሚነግሩት። «እኔ እኮ አይደለሁም ዳዳ፣ ገበያው ነው» ይላሉ፣ ሰዉን ሁሉ ታላቅ ወንድም አድርገው፤ አዛኞች ናቸው፣ እያዘኑ ይገዛሉ። የመጀመሪያው ዓመት እንደምንም አለፈ። በሁለተኛው ዋጋው ወርዶ ወርዶ አንድ ቅርጫት ሁመር የሳምንት ጨው አልገዛ አለ። ምን ሆኖ ነው ቢባሉ፣ ገበያው ባሕር ማዶ ታሟል አሉ። ባሕር ማዶ ታሞ፣ መራራውን መድኃኒት የጠጣው ግን ጊርሳናር ነው።

ቤቶች ባዶ መሆን የጀመሩት ያኔ ነው። ፊርቱ የሚባል ደላላ አለ፤ ጸጉሩን ቅባት ለቅልቆ የሚመጣ፣ የሁሉንም ልጅ ስም የሚያውቅ። ወንዶቹን ለጉድጓድ ቁፋሮ፣ ሴቶቹን ለክር ፋብሪካ ሰብስቦ በመኪና ወደ ደቡብ ይወስዳል። ፋብሪካው ልጃገረዶቹን ግቢ ቆልፎባቸው ነው የሚያሳድራቸው። ባለፈው ዓመት የሄደችው ባሳንቲ ተመልሳለች፤ ማለቴ አካሏ ተመልሷል። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿ የሌለ ክር ሲቀጥሉ ይውላሉ። ስሟን ሲጠሯት ማንም ወደሌለበት በኩል ዞራ «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች። ልጆች መጀመሪያ ስቀውባት ነበር። አሁን በዚያ ደጃፍ አያልፉም።

የሶናዳር ልጅ ራይሞቲ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሶናዳር ከሷ ሌላ ሰው የለውም። አንድ ጠዋት ለሩዙ ማባያ የሚሆነውን የቀይ ጉንዳን ድቁስ እየወቀጠች፣ ቀና ሳትል፣

«ባባ፣ ከበዓሉ ማግስት ከፊርቱ ጋር እሄዳለሁ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ደቡብ ነዋ። ወይስ እንደ ነብርህ የት እንደምወርድ ልትጠይቀኝ ነው?»

«ባሳንቲን አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ። እዚህ ብቀር የምሆነውን ደግሞ አንተ ንገረኝ። እውነቱን ብቻ፣ ሳትስበው።»

ወቀጣው ቀጠለ።

በጊርሳናር አማልክት ይከሰሳሉ። በየዓመቱ በዝናቡ ወር ዳኛዋ እናት የምትባለው አምላክ ኮረብታዋ ላይ ችሎት ትቀመጣለች፤ የየመንደሩ ሰው አምላኩን ተሸክሞ ይቀርባል። ዝናብ የከለከለ፣ በሽታ ያላስቆመ፣ ከብት ለነብር ያስበላ አምላክ ስሙ ተጠርቶ ምስክር ይሰማበታል። ጥፋተኛ ከተባለ ጌጡ ይገፈፍና ከመቅደሱ ጀርባ ካለው ገደል ይጣላል፤ ጠባዩን እስኪያርም እዚያው ነው። ሰው ለአምላኩ እንደሚሰግድ አምላክም ለሰው ይመልሳል፤ ውሉ እንዲህ ነው።

አምላክ ወደ ችሎት የሚመጣው በአንጋው ነው። ሁለት ረጃጅም ግንዶች ጎን ለጎን ይታሰሩና በላባ ይሸለማሉ፤ አራት ወንዶች በትከሻቸው ይሸከሟቸዋል። አምላኩ ግንዱ ውስጥ ሲገባ ግንዱ ራሱ ይሄዳል፤ ተሸካሚዎቹ እግር ብቻ ናቸው። የሌባ ደጅ ያንኳኳል። የበደለኛ ደረት ይመታል፤ የተመታውም ካሣውን በሕዝብ ፊት ሳይናገር ከኮረብታው አይወርድም። ሶናዳር ከጉርምስናው ጀምሮ ተሸካሚ ነው። ግንዱ ራሱ እንደሚሄድ ከልቡ ያምናል። ትከሻውን በሆነ መንገድ ሰበቅ ሲያደርግ ደግሞ ግንዱ ትንሽ ፈጠን እንደሚል ያውቃል። አምላኩ ሦስት ዓመት በተከታታይ አረቄ አውጪዋ ደጃፍ ሲቆም የጠረጠረ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ኮሳ ብቻ ነው። ኮሳ የፊተኛውን ማዕዘን ይሸከማል፤ ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ ትከሻው ይነግረዋል።

«ገበያው አምላክ ከሆነ ለምን አይከሰስም?» አለው ሶናዳር፣ ከልጁ ጋር የተነጋገሩ ዕለት።

«አንጋ የለውማ።»

«እሠራለታለሁ።»

«ወፈፍ አደረገህ እንዴ?»

«ስማኝ። ሚስራ ለበዓሉ ይመጣል። ሹመቱን ትቶ ለምርጫ ቆሟል፤ ኮረብታው ላይ ሰው በሙሉ ስልኩን ደግኖበት ነው የሚቆመው። ገበያው ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል። ከዚያ ግንዱ ይነሣና ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የሚስራን ደረት ድም! ካሣው ምንድነው ሲባል ‹መግዣ ቤቱን አስከፍታለሁ› ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው? መግዣ ቤቱ ከተከፈተ ልጄ አትሄድም።»

ኮሳ አገጩን አከከ። «ግንዱ ወደሱ እንደሚሄድ በምን አወቅህ?»

«አምላክ ፍርድ ያውቃል።»

«ትከሻህስ?»

«ትከሻዬም ያውቃል።»

ጉድሩ ጉዳዩ ሲቀርብለት ብዙ አሰበ። መጨረሻ ላይ «አምላክ መሆኑን የነገረን ሹሙ ነው፤ እንግዲህ እንደ ሌላው መከሰሱ መብቱ ነው» አለ።

ሶናዳር ወደተዘጋው መግዣ ቤት ገባና ሚዛኑ ይንጠለጠልበት የነበረውን አግዳሚ ነቀለ። ለሁለት ሲሰነጥቀው ከውስጡ የሁመር ሽታ ወጣ፤ የአዲስ ሳይሆን የዓመታት፣ ምላስን የሚቆረጥም። ለጌጥ የጣዎስ ላባ አላደረገለትም። «ለዚህ አምላክ የሚስማማውን እኔ አውቃለሁ» ብሎ የአንድ ሩፒ የሻምፑ ከረጢት፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ ያለቀ የስልክ ካርድ ሰብስቦ በክር እየሰካ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንጠለጠለበት። ሰዉ እየመጣ አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መጀመሪያ ቀን ግንዱን ሶናዳርና ኮሳ ለሁለት አነሡት። በማግስቱ አልተነሣም።

«ምን ጨመርክበት?» አለ ኮሳ።

«ምን እጨምራለሁ?»

«ድንጋይ የዋጠ ነው የሚመስለው።»

«ዝናብ ጠጥቶ ይሆናል።»

ግንዱ ግን ጣራ ሥር ነበር፤ አንድ ጠብታ አልነካውም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት የሻምፑ ከረጢቶቹ ይንሿሿሉ፤ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋጋ ሲከራከሩ የሚሰማ ዓይነት ሹክሹክታ ነው። ራይሞቲ መጥረጊያ ይዛ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች።

«ባባ፣ ይሄ ነገርህ ያየኛል።»

«ዓይን የለው!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

የበዓሉ ቀን ካፊያ ነበር። ከበሮው፣ ጭቃው፣ ፍየሉ፣ ሰዉ። ሚስራ አንገቱ ድረስ የአበባ ጉንጉን ለብሶ፣ ፊቱ የታተመበት ጃንጥላ እያደለ ኮረብታውን ወጣ። ሰዉ ጃንጥላውን ሲዘረጋ ኮረብታው በአንድ ጊዜ በሚስራ ፊት ተሞላ፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ፣ ሁሉም ዝናብ እየዘነበበት። በመጀመሪያ በረዶ ያዘነበ አንድ ትንሽ አምላክ ተከሰሰና በምክር ተለቀቀ። ከዚያ የሶናዳር ግንድ ቀረበ።

«ገበያ የተባለውን አምላክ የሚከስ ይነሣ!» አለ ጉድሩ።

ሱክዳይ ሳትጠራ ተነሣች። «እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ሁመሬን ግን ወስዶብኛል። ሌባ አይታይም ተብሎ ሌባ አይደለም ሊባል ነው?»

ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ገበሬ ቆመ። «መሬቴን መንገድ ወሰደው። ለዕድገት ነው አሉኝ። ውሸት አልናገርም፣ ዕድገቱ በመንገዱ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። መስታወቱ ጥቁር ነው። አይቆምም።»

ከዚያ የባሳንቲ እናት ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ባሳንቲን ግንዱ ፊት አቆመቻትና ወደ ኋላ ሄደች። የልጅቱ ጣቶች ክር ይቀጥሉ ነበር፤ ያጥፋሉ፣ ይቋጥራሉ፣ ይለቃሉ። የከበሮ መቺዎቹ እጅ በየተራ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚሰማው የሻምፑ ከረጢቶቹ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ፣ ባሳንቲም ወደ ግንዱ ዞራ «መጣሁ» አለች።

ሶናዳር ሊቀልድ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ረሳው። «ጉድሩ ዳዳ ያኔ ጠይቆ ነበር» አለ። «ምን ይበላል ብሎ። አልነገሩንም። ይኸው፣ ራሱ እየመረጠ ነው።»

«ስለ ተከሳሹ የሚናገር አለ?» አለ ጉድሩ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሚስራ ዞረ፤ ስልኮቹም ዞሩ።

ሚስራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ባህላችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ገበያ አምላክ አይደለም።»

«የትም አለ አላሉም?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«ይቆጣል አላሉም?»

«አነጋገር ነው አባቴ።»

«እሺ ይሁን። ዋጋው ሲወድቅ ማንን እንጠይቅ? መንግሥትን?»

«መንግሥት ዋጋ አይወስንም።»

«ነጋዴውን?»

«እሱም ገበያውን ነው የሚከተለው።»

«ታዲያ ማን ቀረ ጌታው?»

ሚስራ አንዴ ወደ ሰዉ፣ አንዴ ከታች መንገድ ዳር ቆመው ወደሚጠብቁት ጥቁር መኪናዎች አየ። የዚያን ሁሉ ጃንጥላ ዋጋ ማን እንደከፈለ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ሁለቱንም የሚያስደስት ነገር ያገኘ መሰለውና ክንዱን ዘረጋ። «ገበያው ማለት እኛው ነን! እኔም፣ እናንተም፣ ሁላችንም!»

«የዘረፍኩት እኔው ራሴን ነዋ?» አለች ሱክዳይ። «እንዲህ ጎበዝ መሆኔን መቼ አውቄ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ጉድሩ ግን አልሳቀም። ወደ ዳኛዋ እናት መቅደስ ገብቶ ወጣና «ጥፋተኛ ነው» አለ። «ወደ ገደሉ ከመሄዱ በፊት የሚለው ካለው አንሡት።»

አራቱ ተሸካሚዎች ጎንበስ ብለው ግንዱን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ሶናዳር እግሩን ጭቃው ውስጥ ተከለ። ይህን ሰዓት ሲጠብቅ ነበር፤ ትከሻውን ሰበቅ አደረገ። ግንዱ ተንቀሳቀሰ። ሰዉ ተከፈለለት። ወደ ሚስራ ሄደ፣ ቀረበ፣ ደረቱ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። የሚስራ ፊት አመድ መሰለ። ሶናዳር ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋ፤ ጅማቱ ተገተረ፣ ጥርሱ ተፋጨ፤ ግንዱ አልገፋ አለ። ከዚያ የፊተኛው ጫፍ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ለሚስራ እጅ ነሣ። ቀና አለ፣ ዞረ፣ ቁልቁለቱን ያዘ።

«ተው ሶናዳር!» አለ ኮሳ ከፊት፣ በጥርሱ መካከል። «ያልነው ወዲህ አይደለም!»

«እኔ አይደለሁም!»

«ግፊቱ ካንተ ነው የሚመጣው!»

«ወደ ኋላ እየጎተትኩት እኮ ነው፣ በእናቴ!»

በጭቃው ቁልቁል ወረዱ፤ እግራቸው መሬት የሚነካው አንዳንዴ ነበር። ሰዉ በሚስራ ፊቶች ሥር ሆኖ ተከተለ። ግንዱ መንደሩ ውስጥ ገባ። ሰዎቻቸው ወደ ደቡብ በሄዱባቸው ቤቶች ፊት ሲያልፍ በእያንዳንዱ ባዶ ደጃፍ ጎንበስ ይል ነበር፤ ሰው ለወዳጁ እንደሚያደርገው። የቆመው ሶናዳር ቤት ነው። በጫፉ በሩን አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ።

ራይሞቲ ለነገው ጉዞ ጓዟን ስታስር ነበር፤ ከፈተች።

ደጅህ የመጣን አምላክ ባዶ አፉን አትመልሰውም። አንዷ ጎረቤት እየሮጠች ዶሮ አመጣች፤ ሩዝ በተኑላት። ዶሮዋ ከለቀመች አምላኩ ተቀብሏል ማለት ነው። ዶሮዋ ሩዙን አየች፣ ግንዱን አየች፣ አንገቷን ክንፏ ሥር ቀበረች። እንቁላል አቀረቡ፤ ሰው ሳይነካው ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ባዶ ነበር።

«ዶሮ አይደለም የሚፈልገው» አለ ጉድሩ፤ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ብቻ ሆኖ ነበር።

ራይሞቲ ጓዟን ብብቷ ሥር አደረገች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ይህ ነው ሶናዳርን የፈጀው። «ባባ፣ አትታገለው። እኔ እንደሁ ለመሄድ ተነሥቻለሁ። ዛሬ ሆነ ነገ ምን ለውጥ አለው?» ብላ አንድ እርምጃ ወጣች። ግንዱ እንድትቀመጥበት ተንበርክኮ እንደሚጠብቅ እንስሳ ከፊት ለፊቷ ዝቅ አለ።

ተሸካሚ አምላክን አይጥልም። ትከሻው ተገንጥሎ ቢወድቅ ትከሻው ይውደቅ እንጂ አምላኩ መሬት አይነካም። ሶናዳር ከሥሩ ወጣ። ልጁን በሁለት እጁ ገፍትሮ ቤት ውስጥ ጣላትና በሩን በጀርባው ዘጋ። የእሱ ማዕዘን ወደቀ፤ ሌሎቹም አልቻሉም፣ ግንዱ በሙሉ ተከትሎ ወደቀ። የሶናዳር ቀኝ እግር ከሥሩ ነበር። እግሩ ሲሰበር ድምፁን የሰሙት የኋላ ሰዎች የበሩ መቃን የተሰበረ መስሏቸው ነበር።

ከሥሩ ጎትቶ ያወጣው ኮሳ ነው። በጀርባው አዝሎ፣ ያን ሁሉ ጭቃ እየተንሸራተተ ጤና ጣቢያ ያደረሰውም ኮሳ ነው። «ዳዳ፣ ዛሬ ቀልድህ ከበደኝ» ይለው ነበር እያለከለከ። «በሚቀጥለው አነስ ያለ ቀልድ ቀልድ።»

ግንዱን እንደተፈረደበት ጌጡን ገፈው ገደል ጣሉት። በማግስቱ የፊርቱ መኪና ሞልቶ ሄደ፣ ያለ ራይሞቲ። «እግርህ እስኪድን ነው» አለች ጓዟን እየፈታች። ሶናዳር በቀርከሃ የታሰረ እግሩን አየና ደስ አለው፤ ባይድንም ግድ የለው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ነጋዴው በሞተሩ መጣና ከፊተኛው የባሰ ዋጋ አነበበ። «ተፈርዶበታል እኮ!» ቢሉት ስልኩን አሳያቸው። ስልኩ ፍርዱን አልሰማም። ሚስራም ግንዱ እጅ የነሣው ጊዜ የተነሣውን ፎቶ በየግድግዳው ለጥፎ፣ ከሥሩ «ገበያው የሚያከብረው ሰው» ብሎ ጽፎ፣ በሰፊ ድምፅ ተመረጠ። በጊርሳናርም አሸንፏል ተባለ። እኔ ነኝ የመረጥኩት የሚል ሰው ግን እስከዛሬ አልተገኘም።

የሁመሩ ወር ሲደርስ ዛፍ የምትወጣው ራይሞቲ ሆነች። ሶናዳር ቤት ተቀምጦ ይፈለፍላል። ኮሳ ማታ ማታ ከማሁዋ ዛፍ አበባ የወጣ አረቄ ይዞለት ይመጣል፤ ሁለት ትናንሽ ልጆቹ የሶናዳርን ደህና እግር ፈረስ አድርገው ይጋልባሉ፤ ነብሩ በመጨረሻ የት እንደወረደም ተነገራቸው። አንድ ቀን ግን ኮሳ አረቄውን ሳይቀምስ ቁጭ አለ።

«ገደሉ ጋ ነበርኩ። ፍየል ጠፍቶኝ።»

«እና?»

«ሌሎቹ የተፈረደባቸው አማልክት እንዳሉ ናቸው፤ ሣር በቅሎባቸዋል። ያንተ የለም።»

«ሰው ለማገዶ ወስዶት ነዋ።»

«ወደ ላይ የሚወጣ ዱካ አለ» አለ ኮሳ። «እግር አይደለም። እንደ ተጎተተ ነገር ነው። የጎተተው ሰው ዱካ ግን የለም።»

«አንተም መሳብ ጀመርክ?» አለው ሶናዳር። ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ እኩለ ቀን፣ ውሻ እንኳን ጥላ ፈልጎ የተኛበት ሰዓት። ራይሞቲ ከዛፍ ወርዳ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላለች። በሩ ተንኳኳ። ተንኳኳና ከደጅ ያ ሹክሹክታ ተሰማ። ከረጢቶቹን በገዛ እጃቸው ገፈው ያቃጠሏቸው ቢሆንም፣ ሹክሹክታው ያው ነበር።

ራይሞቲ ልትከፍት ተነሣች። ሶናዳር በዚያ በሰባራ እግሩ እንዴት እንደደረሰባት አያውቅም፤ አፏን በመዳፉ አፈነ። ከዚያ ድምፁን የአሮጊት አስመስሎ፣ በዕድሜው ካወራው ሁሉ አሳምሮ ተናገረ።

«ማንን ነው? ሰው የለም ልጄ! ልጅቱ ድሮ ሄዳለች፣ ከፊርቱ ጋር። አባትየውም እግሩ መርቅዞ ሞተ፣ ምስኪን። እኔ ጠራጊ ነኝ፣ ቤቱን ላጸዳ ነው የገባሁ።»

ሹክሹክታው ቆመ። ከደጅ ያለው ነገር ሲያመዛዝን ተሰማው፤ ለስንት ዓመት በላዩ ሲንጠለጠል የኖረውን ሚዛን ያህል ረጋ ብሎ። ከዚያ ከባድ ነገር በአፈሩ ላይ ሲጎተት ተሰማ። ራቀ። ሶናዳር ከልጁ አፍ ላይ እጁን አነሣ። ሳቁ መጣበት፤ ድምፅ እንዳያሰማ ክንዱን ነከሰ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አምላክን ሸወደ!

ጉተታው ግን ሩቅ አልሄደም። ቀጥሎ ያለው አጥር ጋ ደረሰ፣ ገባ፣ ቆመ። በር ተንኳኳ።

ራይሞቲ አባቷን አየችው። በዚያ በኩል የኮሳ ልጆች ይሳሳቃሉ። አንዴ «ኮሳ፣ አትክፈት!» ብሎ ቢጮህ ይሰማ ነበር፤ መካከላቸው ያለው አጥር የቀርከሃ ነው። ቢጮህ ግን በዚህ ቤት ሰው እንዳለ ያም ነገር ይሰማል። ሶናዳር አየር ሳበ። አየሩን ያዘው። ልጁ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሣችም፤ እሱም የሳበውን አየር አላወጣውም።

በር ዳግመኛ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ ኮሳ፣ በዚያ እንግዳ በሚወድ ድምፁ። «ግባ እንጂ፣ ክፍት ነው!»